የጎንደር ቁልፍ ወልቀፊት ላይ ነበር
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የታተመ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ አንድ ከተማ ውጊያ ነው። ከተማዋ ጎንደር ናት፤ ጊዜው ኅዳር 1934 ዓ.ም ነው። በዚያ ወር በ18ኛው ቀን የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን የመጨረሻ ከተማ አጣ። ሮም ላይ ታውጆ የነበረው «የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት» የሚባለው ነገር ያበቃው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ጎንደር ላይ ነው።

«ጎንደር ላይ የሆነ ነገር እኛን ደባርቅና ዳባት ያለነውን ምን አገባን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። የጎንደር ዕጣ የተወሰነው በከተማዋ ጎዳና ላይ አልነበረም። በብዛት የተወሰነው እዚህ በእኛ ደጃፍ፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለው በወልቀፊት በር ላይ ነበር። መጻሕፍት ስለ ጎንደር ውጊያ ሲጽፉ ለወልቀፊት ጥቂት መስመር ሰጥተው ያልፋሉ። እኛ ግን ልናልፈው አይገባንም። የራሱን ደጃፍ ታሪክ የማያውቅ ሰው ሌላው የነገረውን ብቻ ይዞ ይቀራልና።

ሁለት የተወረሩ አገሮች

ነገሩን በደንብ ለመረዳት መጀመሪያ ትንሽ ራቅ ብለን እንመልከት። በዚያ ዘመን ከእኛ ጋር ተመሳሳይ ዕጣ የደረሰባት አንዲት ትልቅ አገር ነበረች። እርሷም ቻይና ናት። ጃፓን በመስከረም 1924 ዓ.ም ማንቹሪያ የተባለውን የቻይና ክፍል ወረረች። ቻይና ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አለች፤ ማኅበሩ መርምሮ ተናገረ እንጂ አላዳናትም። አራት ዓመት ቆይቶ ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም መረብን ተሻግራ አገራችንን ወረረች። እኛም ለዚያው ማኅበር አቤት አልን፤ ያገኘነውም መልስ ከቻይና ካገኘችው የተሻለ አልነበረም። በቻይና የደረሰውን አይታ ኢጣሊያ ልብ አገኘች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ነሐሴ 7 ቀን 1929 ዓ.ም በሻንጋይ ከተማ ትልቁ ውጊያ ተጀመረ። ጃፓኖች ነገሩ በአጭር ጊዜ ያልቃል ብለው ነበር። ሦስት ወር ፈጀባቸው። ውጊያው ከቤት ወደ ቤት፣ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ፣ ከመንገድ ወደ መንገድ ነበር። በመጨረሻው ገደማ አራት መቶ የሚያህሉ የቻይና ወታደሮች በአንድ የወንዝ ዳር መጋዘን ውስጥ መሽገው ለቀናት ተዋጉ። ከወንዙ ማዶ ባለው የውጭ አገር ሰዎች ሰፈር ደግሞ የአውሮፓ ዜጎች ቆመው ይመለከቱ ነበር። በዚያ ውጊያ ከቻይና በኩል የሞተውና የቆሰለው ወደ ሁለት መቶ ሺህና ከዚያም በላይ ይገመታል። ከተማዋ በኅዳር 1930 ዓ.ም ወደቀች። ጃፓኖች ከዚያ ተነሥተው ናንጂንግ ገቡና በታሪክ የማይረሳ ጭፍጨፋ ፈጸሙ።

በዚህ መካከል ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። በዚያ ጦርነት የቻይና ጦር ምክትል ኤታማዦር ሹም የነበረው ጄኔራል ባይ ቾንግሺ ሙስሊም ነበር። በመጋቢት ወር 1930 ዓ.ም መጨረሻ ታይርዡዋንግ በተባለች ከተማ ቻይናውያን የመጀመሪያውን ትልቅ ድል ሲያገኙ ከመሪዎቹ አንዱ እርሱ ነበር። የቻይና ሙስሊሞችን አገራቸውን እንዲያድኑ ያስተባበረው ማኅበርም በእርሱ ይመራ ነበር። በቁጥር አናሳ የሆነ ሕዝብ አገሩ በተወረረች ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚችል ይህ አንድ ምሳሌ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ። ኢጣሊያ በኅዳር 1930 ዓ.ም ጃፓን በማንቹሪያ ላቆመችው መንግሥት እውቅና ሰጠች፤ ጃፓንም በበኩሏ የኢጣሊያን ወረራ ተቀብላ ነበር። ወራሪ ለወራሪ ተፈራረመ ማለት ነው። በአንጻሩ የኢጣሊያን ወረራ ሕጋዊ ነው ብለው ለመቀበል እምቢ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ቻይና ነበረች። ታላላቆቹ እንግሊዝና ፈረንሳይ የተቀበሉትን፣ ራሷ በእሳት ውስጥ የነበረች አገር አልቀበልም አለች። ይህን ውለታ ማወቅ ጥሩ ነው።

ጎንደር በፋሽስት እጅ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጦርነቱ ሲጀመር የዚህ አካባቢ ሰው በራስ እምሩና በደጃዝማች አያሌው ብሩ ስር ሆኖ ወደ ተከዜ ወርዷል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና በር ላይ ታንክ ይዞ የመጣውን የጠላት ጦር ድል አድርጓል። ከስሜን ቁልቁል የወረደ እግረኛ ብረት ለበሱን መኪና ያሸነፈበት ቀን ነበር። ነገር ግን ጠላት በአይሮፕላንና በመርዝ ጋዝ መለሰው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም ስታራቼ የተባለው የፋሽስት ሹም በመኪና የተጫነ ጦር ይዞ ጎንደር ገባ።

ኢጣሊያኖች ጎንደርን «የአማራ ግዛት» ያሉት አስተዳደር ዋና ከተማ አደረጉ። ዛሬም የምናያቸውን የፒያሳ ሕንጻዎች፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን ሠሩ። የጦር ሹማምንቱ የፋሲል ግቢን ለራሳቸው አገልግሎት አዋሉት። ከአስመራ በአድዋ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት አልፎ ጎንደር የሚገባውን የመኪና መንገድ ሠሩ። ከዚያ በፊት በዚሁ አቀበት ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና አህያ ጭነው ለብዙ መቶ ዓመታት ተመላልሰዋል። ከእነዚህ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ከጎንደር እስከ ምጽዋ የሚነግዱ ሙስሊሞች ነበሩ። ሊማሊሞን ከመኪና በፊት ያቀናው የነጋዴ እግር ነው።

መንገዱ የተሠራው ለእኛ ጥቅም አልነበረም። ለጦር ነበር። ግን አላህ የሰውን ሥራ በሌላ መንገድ ሊያዞረው ይችላል። ያ መንገድ ከአምስት ዓመት በኋላ ሠሪዎቹን ማነቂያ ሆነ።

በእነዚያ አምስት ዓመታት ገጠሩ አልተገዛም። በአርማጭሆና በወልቃይት በኩል እንደ ውብነህ ተሰማ (አሞራው) እና እንደ አዳነ መኮንን ያሉ አርበኞች ጫካ ገብተው ተዋጉ። ጠላት ከተማውንና መንገዱን ያዘ፤ ከመንገዱ ፈቀቅ ያለው ተራራና ቆላ ግን የእርሱ አልነበረም። ይህ ነጥብ ዋና ነው፤ በልባችሁ ያዙልኝ።

ቀለበቱ ሲጠብ

በ1932 ዓ.ም መጨረሻ ሙሶሊኒ ከሂትለር ጎን ተሰልፎ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀ። ይህም እንግሊዝን በግድ ከእኛ ጎን አሰለፋት። በ1933 ዓ.ም ከሱዳንና ከኬንያ የእንግሊዝ ጦር ገባ፤ በውስጡም ሕንዶች፣ ሱዳኖች፣ ደቡብ አፍሪካውያንና የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩ። ከረን ከብርቱ ውጊያ በኋላ መጋቢት 18 ቀን ተያዘች። አዲስ አበባ በመጋቢት መጨረሻ ተለቀቀች። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ገቡ። በግንቦት የኢጣሊያው እንደራሴ ዱክ ዳኦስታ አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ።

ብዙ ሰው ጦርነቱ በዚሁ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። አዲስ አበባ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የጎንደር ሰው ገና በጠላት እጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ቆይቷል።

ጎንደር ላይ የቀረው የጦር አዛዥ ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ ነበር። በስሩ ወደ 40,000 የሚጠጋ ወታደር ነበረው፤ ከፊሉ ኢጣሊያዊ፣ ከፊሉ ከቅኝ ግዛት የተመለመለ አስካሪና ባንዳ። ናሲ ብልህ ወታደር ነበር። ከተማዋን ከተማዋ ውስጥ ሆኖ መከላከል እንደማይቻል ያውቅ ነበር። ስለዚህ ወደ ጎንደር የሚያስገቡትን በሮች ሁሉ አስቀድሞ ዘጋ። በሰሜን ወልቀፊትን፣ በምዕራብ ጭልጋን፣ በደቡብ በጣና ዳር ጎርጎራን፣ በደቡብ ምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ቁልቋል በርን መሸገ። ሐሳቡ ጊዜ መግዛት ነበር። ሮሜል በሰሜን አፍሪካ ካሸነፈና ግብጽ ከገባ፣ እኛን የሚያድን ይመጣል የሚል ተስፋ ነበራቸው።

ወልቀፊት

ከአራቱ በሮች ለምን ወልቀፊት ዋና ሆነ? ካርታውን በአእምሯችሁ ሳሉት። እንግሊዞች አስመራንና የምጽዋን ወደብ ይዘዋል። መድፍ፣ ጥይት፣ ነዳጅና ስንቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከአስመራ ወደ ጎንደር ቀጥተኛው የመኪና መንገድ በሊማሊሞ ይወጣል። ሊማሊሞን ስትወጡ አፋፉ ላይ የምታገኙት ወልቀፊት ነው። መንገዱ በገደል ላይ እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ፣ ከላይ መትረየስ ይዞ የተቀመጠ ጥቂት ሰው ከታች የሚመጣውን ብዙ ሠራዊት ሊያግድ ይችላል። ወልቀፊት እስካልተከፈተ ድረስ ትልቁ መድፍ ጎንደር አይደርስም። በወሎ በኩል ያለው መንገድ በጣም ዙሪያ ነበር።

ይህን ምሽግ የያዘው ኮሎኔል ማርዮ ጎኔላ የተባለ መኮንን ነበር። ከበባው የተጀመረው በ1933 ዓ.ም ሚያዝያ አካባቢ ነው። ከታች በሊማሊሞ በኩል የእንግሊዝ ጦር፣ ከኋላው በደባርቅ በኩል ደግሞ ጥቂት የእንግሊዝ መኮንኖች አብረዋቸው የነበሩ አርበኞች ከበቡት። ከአርበኞቹ መሪዎች አንዱ እዚያው የስሜን ሰው ደጃዝማች አያሌው ብሩ ነበሩ። እርሳቸው በ1928 ዓ.ም ከተዋጉ በኋላ ለኢጣሊያ ገብተው ነበር፤ በ1933 ዓ.ም ግን ከጠላት ተለይተው ከአርበኛው ጋር ተሰለፉ።

ከበባው ቀላል አልነበረም። በከበባው ጊዜ ጎኔላ ከምሽጉ ወጥቶ አርበኞችን እየመታ ይመለስ ነበር። ደባርቅ አካባቢ ብዙ ደም ፈሷል። ከዚያ ክረምቱ ገባ። የስሜንን ክረምት ለደባርቅ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጉሙ፣ ዝናቡ፣ ቆፈኑ ይታወቃል። ጭቃው መኪናን ያዘ። ትልቁ ጦር ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀ።

በዚህ ጊዜ የሠራው መሣሪያ ረኀብ ነበር። ከጎንደር ወደ ወልቀፊት ስንቅ የሚያልፍበት መንገድ ተቆርጧል። ምሽግ ውስጥ ያለ ሦስት ሺህ ሰው በየቀኑ ይበላል፤ ምሽግ ግን እህል አያበቅልም። እህሉ ያለው በገበሬው ጎተራ ነው። ገበሬው ደግሞ ከከበበው ጋር እንጂ ከተከበበው ጋር አልነበረም። የኢጣሊያኖቹ ራሽን እየተቀነሰ፣ እየተቀነሰ ሄደ።

መስከረም ጠባ። እንግሊዞች በኃይል ለመግባት ዝግጅታቸውን ጨርሰው ነበር። ሳይገቡ ቀሩ። መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም፣ የመስቀል በዓል በዋለ ማግስት፣ ኮሎኔል ጎኔላ እጁን ሰጠ። ከእርሱ ጋር ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ወታደር ተማረከ፤ ግማሹ ገደማ ኢጣሊያዊ፣ የቀረው የአገር ተወላጅና አስካሪ ነበር። ምሽጉን የተረከበው 25ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ነው።

ወገኖቼ፣ ከሻንጋይ ጋር አነጻጽሩት። ሻንጋይ ላይ በመጋዘኑ ውስጥ የመሸጉት የአገሩ ልጆች ነበሩ፤ ከውጭ የከበበው ወራሪ ነበር። ወልቀፊት ላይ ነገሩ ተገልብጦ ነበር። በምሽጉ ውስጥ ያለው ወራሪ ነው፤ ከውጭ የከበበው የአገሩ ልጅ ነው። ለዚህ ነው ጠንካራው ገደል ያልጠቀመው። ተራራ ለያዘው ሁሉ አይታዘዝም፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ከማን ጋር ነው የሚለው ይወስነዋል።

ኅዳር 18

በሩ ተከፈተ። መሐንዲሶች የፈረሰውን መንገድ ጠገኑ፤ መድፍና መኪና ሊማሊሞን ወጥቶ በደባርቅና በዳባት በኩል ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወረደ። የጦሩ ዋና አዛዥ ጄኔራል ፎውክስ ነበር።

ከደብረ ታቦር በኩል ያለው በር ገና ዝግ ነበር። ቁልቋል በርን ኅዳር 4 ቀን ሞክረው አልተሳካላቸውም። ኅዳር 12 ቀን ከብርቱ ውጊያ በኋላ ያዙት፤ በዚያም ብዙ አርበኞች ተካፍለዋል። ናሲ ያለው አይሮፕላን አልቆ ነበር። ሰማዩ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አይሮፕላኖች ነበር።

ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ንጋት ላይ ሁለት ብርጌዶች ከምሥራቅ በኩል ባሉት ሸንተረሮች ላይ ጥቃት ጀመሩ። ናሲ የጠበቃቸው በዋናው መንገድ ነበር፤ እነርሱ ግን ዋናውን መንገድ ትተው በተራራው መጡ። በደቡብ በኩል ደግሞ አርበኞች የበዙበት ሌላ ጦር ገፋ። ከቀትር በኋላ የኬንያ ብረት ለበስ መኪኖች ከተማዋ ደረሱ። ወደ ማታ ናሲ እጁን ሰጠ። በዙሪያው የቀሩት ትናንሽ ምሽጎች በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ተከተሉት። የተማረከው ወታደር በጠቅላላ ከ20,000 በላይ ነበር።

ጎንደር ከተማ እንደ ሻንጋይ ከቤት ወደ ቤት ሦስት ወር ቢዋጉባት ኖሮ ዛሬ ምን ይቀር ነበር? በአይሮፕላን ቦምብ ብቻ እንኳ በፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ተጎድቷል። ግን ከተማዋ በአንድ ቀን ውጊያ ተለቀቀች። ቤቱም፣ መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ግንቡም ተረፈ። ይህ የሆነው ውጊያው አስቀድሞ ከከተማ ውጭ፣ በወልቀፊትና በቁልቋል በር ስላለቀ ነው። ደባርቅና አካባቢዋ ለአምስት ወር የከፈሉት ዋጋ ጎንደርን ከፍርስራሽ አድኗል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሙስሊሙ የት ነበር?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። አንዳንድ ሰዎች «በጣሊያን ጊዜ ሙስሊሙ ከጠላት ጋር ነበር» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሁላችንም አርበኞች ነበርን» ብለው ነገሩን ይሸፍኑታል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሙሶሊኒ በመጋቢት 1929 ዓ.ም ትሪፖሊ ላይ ሰይፍ አሸክመውት «የእስልምና ጠባቂ ነኝ» አለ። በአገራችንም መስጊድ ሲሠራ፣ የዓረብኛ ትምህርት ሲፈቅድ፣ ለሙስሊሙ ያዘነ መስሎ ታየ። ይህ ስብከት ጆሮ ያገኘበት ቦታ ነበር። ለምን? ሙስሊሙ በገዛ አገሩ የደረሰበት በደል ስለነበር ነው። በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ ርስት እንዳይኖረው ተደርጎ በንግድና በሽመና ተወስኖ ይኖር ነበር። ጎንደር ውስጥ እንኳ ከአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጀምሮ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው ከቀሃ ወንዝ አጠገብ በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ታዝዞ ነበር። ጠላት ግድግዳ ሲያፈርስ አስቀድሞ የተሰነጠቀውን ቦታ ይፈልጋል። ስንጥቁን የሠራው ጠላት አልነበረም።

ግን «ጠባቂው» ማን ነበር? ከዚያ አምስት ዓመት ተኩል ገደማ አስቀድሞ በመስከረም 1924 ዓ.ም የሰባ ዓመቱን ሽማግሌ የቁርኣን መምህር፣ የሊቢያውን ሙጃሂድ ዑመር ሙኽታርን በሕዝብ ፊት የሰቀለው ያው ፋሽስት ነው። የሊቢያን ዘላን ሕዝብ በሽቦ አጥር ውስጥ ሰብስቦ በረኀብና በበሽታ የጨረሰው ግራዚያኒ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም አዲስ አበባን በደም ያጠበው፣ በግንቦት የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስጨረሰው ያው ሰው ነው። ሙስሊምን በቢንጋዚ፣ ክርስቲያንን በሸዋ የገደለ እጅ አንድ እጅ ነው።

ተንኮሉን ደግሞ ተመልከቱ። ሊቢያ ላይ ሙስሊሙን ለመውጋት አብዛኛው ክርስቲያን የሆነ የኤርትራ አስካሪ ወሰዱ። ኢትዮጵያ ላይ ደግሞ ሙስሊም የሆኑ ሊቢያውያንን አምጥተው በኦጋዴን ግንባር አሰለፉ። አንዱን በሌላው ቂም አስነሡበት። በ1928 ዓ.ም ያንን የሊቢያ ክፍለ ጦር በኦጋዴን የመራው ማን ነበር? ራሱ ጄኔራል ናሲ ነው። ከዚያም የሐረር ገዥ ሆኖ ሙስሊሙን በፍቅር ያዘ። በመጨረሻ ጎንደር ላይ የተገኘውም እርሱው ነው። እንግዲህ የእርሱ ፍቅር ለእስልምና ሳይሆን ለግዛቱ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ይህን የተረዱ ሙስሊሞች በዚያ ዘመን ነበሩ። በኦጋዴን ግንባር ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፎ የተዋጋው ዑመር ሰመተር አንዱ ነው። ጎንደርን ነጻ ካወጡት ወታደሮች መካከልም ሙስሊሞች ነበሩ፤ በጭልጋ በኩል የተዋጋው የሱዳን መከላከያ ጦር አለ። ወልቀፊት ላይ በምሽጉ ውስጥ ከተማረኩት አስካሪዎች መካከልም ሙስሊምና ክርስቲያን ነበሩ። ስለዚህ ባንዳነት የአንድ ሃይማኖት አልነበረም፤ አርበኝነትም እንደዚሁ። ደጃዝማች አያሌው ብሩን ያህል ታላቅ ሰው እንኳ ለጠላት ገብቶ መመለሱን ካየን፣ የአንድን ሕዝብ ታሪክ በአንድ ቃል መደምደም ዙልም ነው።

ምን እንያዝ?

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ይዘን እንለያይ።

አንደኛ፣ ከተማ የሚጠበቀው በገጠር ነው። ናሲ ድልድይ፣ መድፍ፣ መኪና፣ የኮንክሪት ምሽግ ነበረው። ያልነበረው በዙሪያው ያለ ሕዝብ ነበር። ዛሬም ከተማ የሚበላው ጤፍና ገብስ፣ በግና ቅቤ የሚመጣው ከገጠር ነው። ገጠሩን የናቀ ከተማ በክፉ ቀን ብቻውን ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የአገር ምሽግ ፍትሕ ነው። በደል የተሠራበት ወገን ሁሉ ለጠላት ስብከት በር ይሆናል። ሙስሊሙን ርስት የከለከለ ሥርዓት ራሱን የጎዳው በዚህ ነው። የቻይናው ጄኔራል ባይ ቾንግሺ ለአገሩ በሙሉ ልቡ የቆመው አገሩ ሠራዊቷን እንዲመራ አምና ስለሰጠችው ጭምር ነው። እኛም ዛሬ በየቀበሌው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየገበያው አንዱን ወገን ስናገልል የማናየውን ስንጥቅ እየሠራን መሆኑን እንወቅ። ይህ ለክርስቲያኑ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ሙስሊሙ በበዛበት ቦታ ለሙስሊሙም የሚነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ድል የራሱ አደብ አለው። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡ በክር (ረ.ዐ) ጦር ሲልኩ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገደል፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ በገዳማቸው ያሉ መነኮሳት እንዳይነኩ ያዝዙ እንደነበር እናውቃለን። ምርኮኛን ማብላትም በዲናችን ከመልካም ሥራዎች የሚቆጠር ነው። ጃፓኖች ሻንጋይን ይዘው ናንጂንግ ላይ ያደረጉት ድል አልነበረም፤ ውርደት ነበር። ጎኔላና ናሲ ከነወታደሮቻቸው እጅ ሰጥተው በሕይወት መወሰዳቸው ግን ለአሸናፊው ክብር ነው።

ጦርነትን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው በዚህ አካባቢ የለም። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል፤ ያ ሐዘን ገና ከቤታችን አልወጣም። ስለዚህ ስለ ወልቀፊት ስንናገር ጦርነትን ለማወደስ አይደለም። የሞቱትን ለማሰብ፣ የሞቱለትን ነገር ዋጋ ለማወቅ ነው። ወልቀፊት ላይ ከከበቡት አርበኞች የብዙዎቹ ስም በየትም አልተጻፈም። ሽማግሌ ያላችሁ ልጆች፣ አያቶቻችሁ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ጠይቃችሁ ጻፉ። ጽሑፍ ያልያዘውን ሞት ይወስደዋል።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ፍትሕን ያስፍንልን፤ ልባችንን ከቂም ያጥራልን። አሚን።